ጆኒ ማንዜልን «አባከነው» ለምትሉ ወገኖቼ

ይድረስ በሂዩስተን፣ በዳላስ፣ በጋርላንድና በኦስቲን ለምትኖሩ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ደጋፊዎች በሙሉ፤

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው ክርክሩን የምሰማው በአማርኛ ስለሆነ ነው። አንዳንዶቻችሁ ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ፣ ኮሌጅ ስቴሽን፣ ተምራችኋል። አንዳንዶቻችሁ ልጆቻችሁን ልካችኋል። የቀራችሁት ደግሞ እንደ እኔ ቴክሳስ ገባችሁና ቡድኑን ከጎረቤት ወረሳችሁ። ቡና ተፈልቶም ይሁን ልደት ተከብሮ፣ የኮሌጅ ፉትቦል ወሬ ከተነሳ የቀድሞው ኳርተርባካችን ጆኒ ማንዜል ይነሳል። ከዚያ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል።

አንዱ ወገን «እንደሱ ያለ ኳርተርባክ አልታየም» ይላል። ሌላው «ምን ያደርጋል፣ አባከነው!» ይላል። ጭቅጭቁ ይጦፋል። ስልክ ይወጣል፣ ዩቲዩብ ይከፈታል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ወገን ራሱን ነቅነቅ ያደርግና «አይ ጆኒ፣ ያሳዝናል» ተባብሎ ወደ እንጀራው ይመለሳል።

እኔ በዚህ «ያሳዝናል» አልስማማም። ልጁ ለኤ ኤንድ ኤም የነበረበትን ዕዳ ከፍሎ ጨርሷል ባይ ነኝ። ያልተወራረደ ሂሳብ ካለ፣ ያለው በእኛ በኩል ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ጨዋታውን የማይከታተል ዘመድ ይህን ቢያነብ ግራ እንዳይገባው ባጭሩ ልበል። ኳርተርባክ ማለት ኳሱ በእያንዳንዱ ሙከራ መጀመሪያ እጁ የሚገባ ተጫዋች ነው። ወይ ይወረውራል፣ ወይ ለሌላው ያቀብላል፣ ወይ ራሱ ይሮጣል። ኳሱ ወደፊት የሄደበት ርቀት በያርድ ይለካል፣ አንድ ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል። ኳሱን ተጋጣሚ መጨረሻ መስመር ማድረስ ደግሞ ተችዳውን ይባላል። ለመወሰን ያለው ጊዜ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ከፊቱ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ጎረምሶች ሊጥሉት ይመጣሉ። ቡድን ሲያሸንፍ ምስጋናው የሱ ነው፣ ሲሸነፍም እርግማኑ የሱ።

አሁን ወደ 2012 እንመለስ። ያኔ ኤ ኤንድ ኤም ከቢግ 12 ወጥቶ ኤስኢሲ የገባበት ዓመት ነው። እነ አላባማ፣ እነ ኤልኤስዩ፣ እነ ፍሎሪዳ የሚጫወቱበት ሊግ። የቀደመው ዓመት ውጤታችን 7 ድልና 6 ሽንፈት ነበር። አሰልጣኙ ኬቨን ሰምሊን ገና መምጣቱ ነው። ኳርተርባኩ ደግሞ ከኬርቪል የመጣ፣ አንድም የኮሌጅ ጨዋታ ያልተጫወተ፣ ለቦታው አጭር የሚባል ልጅ ነው። «እዚህ ሊግ ውስጥማ መቀጥቀጣችን ነው» የሚለው ሰው ብዙ ነበር። የመጀመሪያውን ጨዋታ በፍሎሪዳ 20 ለ 17 ስንሸነፍ ደግሞ «አላልኳችሁም?» ተባለ።

ከዚያ አርካንሳስ መጣ። 58 ለ 10 አለቀ። ጆኒ በዚያ ቀን በሩጫና በውርወራ በድምሩ 557 ያርድ ሄደ። አርቺ ማኒንግ በ1969 ያስመዘገበው 540 ያርድ በኤስኢሲ ታሪክ ከአርባ ዓመት በላይ ሳይሰበር የቆየ ነበር። አንድ ጀማሪ ልጅ ሰበረው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ከሉዊዚያና ቴክ ጋር 576 አድርጎ የራሱንም ሰበረው። ያ ጨዋታ 59 ለ 57 ነበር ያለቀው። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ማየት አልነበረበትም።

ኖቬምበር 10 ቀን ደግሞ ቱስካሉሳ። አላባማ አንደኛ ደረጃ ላይ ነው። ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ነው፣ የዚያንም ዓመት ዋንጫ በኋላ የወሰደው እሱ ነው። በዚያ የውድድር ዘመን የተሸነፈው አንዴ ብቻ ነው፣ በእኛ። 29 ለ 24።

መጀመሪያው ሩብ ላይ የሆነውን ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ግን ልድገመው፣ ደስ ስለሚለኝ። ጆኒ ወደፊት ሊያመልጥ ሲል ከራሱ ቡድን ሰው ጋር ተላተመ። ኳሱ ከእጁ ወጥታ ወደ ላይ ነጠረች። ሌላ ተጫዋች ቢሆን እዚያ ላይ አለቀለት። እሱ ከአየር ላይ ቀለባት፣ ዞረ፣ ወደ ግራ ሮጠ፣ ቀና ሲል የኛው ራያን ስዎፕ ብቻውን ቆሟል። ተችዳውን። የአላባማ ተከላካዮች እሱን ሲያሳድዱ ለፋሲካ የተገዛ ዶሮ ግቢ ውስጥ ያመለጣቸው ሰዎች ይመስሉ ነበር።

በዲሴምበር ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሄይስማን ዋንጫ ወሰደ። 20 ዓመት ከሞላው ሁለት ቀኑ ነበር። ሄይስማን ከ1935 ጀምሮ ሲሰጥ በኖረበት ዘመን ሁሉ የአንደኛ ዓመት ተጫዋች ወስዶት አያውቅም። ለኤ ኤንድ ኤምም ከ1957ቱ ከጆን ዴቪድ ክሮው ቀጥሎ ሁለተኛው ሆነ። ከዚያ በኮተን ቦውል፣ በዓመቱ መዝጊያ ጨዋታችን፣ ኦክላሆማን 41 ለ 13። በዚያ ጨዋታ ብቻ 516 ያርድ። የዓመቱ ድምር 5,116 ያርድ ነበር፣ ለኤስኢሲ አዲስ ሪከርድ።

«በሁለተኛው ዓመት ግን ወረደ» የምትሉ አላችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝና ጨዋታዎቹን ድጋሚ እዩአቸው። በ2013 በውርወራ ብቻ 4,114 ያርድና 37 ተችዳውን አለው፣ ከመጀመሪያው ዓመት በእጅጉ የተሻለ። በአላባማ ስንሸነፍ 464 ያርድ ወርውሮ፣ 5 ተችዳውን አድርጎ ነው። ማይክ ኤቫንስ ብቻውን 279 ያርድ ተቀብሏል። ውጤቱ 49 ለ 42። በኦበርን ደግሞ 45 ለ 41፣ ያውም ትከሻውን ተጎድቶ ወጥቶ ተመልሶ። 42 እና 41 ነጥብ አስቆጥሮ የሚሸነፍ ቡድን ችግሩ የት ጋ እንደሆነ ለመረዳት አሰልጣኝ መሆን አያስፈልግም። መከላከላችን ወንፊት ነበር። በመጨረሻው ጨዋታ ከዱክ ጋር በእረፍት ሰዓት 38 ለ 17 እየተመራን ነው። 52 ለ 48 አሸነፍን። ያ ነው የስንብት ጨዋታው።

ታዲያ ኮሌጅ ውስጥ ያባከነው ምኑን ነው? ቡድናችን ከ1939 ወዲህ አገር አቀፍ ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። የሱ ሁለት ዓመት የብዙዎቻችን ምርጥ ሁለት ዓመት ነው። ያን ከሰጠ ልጅ ሌላ ምን ቀረን?

አውቃለሁ፣ የምታወሩት ስለ ኤንኤፍኤል ነው፣ ተከፋይ ተጫዋቾች ስላሉበት ትልቁ ሊግ። እሺ፣ እሱንም እንየው።

ቲም ቲቦን ታስታውሱታላችሁ፣ የፍሎሪዳውን። በ2007 ሄይስማን ወሰደ። የኤንኤፍኤል ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ድራፍት በ2010 በ25ኛ ተመረጠ። ጆኒ በ2014 በ22ኛ። ቲቦ በኤንኤፍኤል መደበኛ ጨዋታ ያደረገው እስከ 2012 ብቻ ነው፣ ሦስት ዓመት። ጆኒ ሁለት ዓመት። ሁለቱም የኮሌጅ ንጉሥ ነበሩ፣ ሁለቱም በትልቁ ሊግ አልሆነላቸውም። ቲቦን ግን «አባከነው» ሲል ማንንም አልሰማሁም። «ጨዋታው ለኤንኤፍኤል አልተመቸም» ይባልና ይታለፋል። እሱ ጨዋ ነው፣ ጸሎተኛ ነው፣ ከእናቶቻችን ጋር የሚስማማ ዓይነት ልጅ ነው። ስለዚህ እየተከራከርን ያለነው ስለ ፉትቦል አይደለም። ስለ ጸባይ ነው። ስለ ጸባይ እናውራ ካላችሁ እሺ፣ ግን በግልጽ እናውራ። በያርድና በተችዳውን አንሸፍነው።

ጆኒ መልአክ ነው አላልኩም። በመረጠው የኤንኤፍኤል ክለብ፣ በክሊቭላንድ፣ የሆነው በአብዛኛው የሱ ጥፋት ነው። ተጋጣሚን የሚያጠናበት የጨዋታ ቪዲዮ የተጫነበት አይፓድ ክለቡ ሰጥቶት ነበር። ያየበት ሰዓት ዜሮ እንደነበር ወኪሉ ራሱ በ2023 ተናግሯል። ዜሮ! የመጀመሪያ ጨዋታውን በቋሚነት ሲጀምር በሲንሲናቲ 30 ለ 0 ተሸነፈ። ኮሌጅ ውስጥ በእግሩ ያመለጣቸው ዓይነት ሰዎች እዚያ ያዙት፣ እነሱም ፈጣን ናቸዋ። በ2015 መጀመሪያ ማገገሚያ ገባ። በአጠቃላይ በቋሚነት የጀመረው 8 ጨዋታ ነው፣ ያሸነፈው 2። ማርች 2016 አሰናበቱት። ከዚያ ካናዳ፣ ከዚያ ሌሎች ትናንሽ ሊጎች፣ ከዚያ አበቃ። ሚሊዮን እየተከፈለው ሥራውን ያልሠራ ሰው ነው። የክሊቭላንድ ደጋፊ ቢናደድበት እውነት አለው። የናንተ ንዴት ግን ከየት መጣ? የክሊቭላንድ ትኬት አልገዛችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቼ ላስቀምጥ። በጃንዋሪ 2016 የዚያን ጊዜ ፍቅረኛው ዳላስ ውስጥ መታኝ፣ አስፈራራኝ ብላ ለፖሊስ ተናገረች። በኤፕሪል ክስ ተመሰረተበት። በኋላ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምቶ የተጣለበትን ግዴታ ፈጸመ፣ ክሱም በ2017 ተዘጋ። በየክርክራችን ይህ ነገር እንዴት እንደሚነሳ ልብ ብላችኋል? «ያን የመሰለ ችሎታ፣ መጠጡ፣ ድግሱ፣ የሴቷ ጉዳይ…» እየተባለ ከዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። አንዲት ሰው ተጎዳሁ ያለችበት ጉዳይ ለኛ የአንድ ኳርተርባክ መሰናክል ሆኖ ይቆጠራል። ነውር ነው። እሱን ስወቅስ ከሁሉ በላይ የምወቅሰው በዚህ ነው፣ ከአይፓዱ በፊት። ተሰጥኦ ኖረው አልኖረው ለውጥ የለውም። አሥረኛ ተቀያሪ ቢሆንም ያው ነበር።

አሁን ወደ እኛ ሂሳብ ልምጣ።

በ2012ቱ የውድድር ዘመን ጆኒ ለጋዜጠኛ እንዳይናገር ተከልክሎ ነበር። የሰምሊን ደንብ ነው፣ የአንደኛ ዓመት ተጫዋች መግለጫ አይሰጥም። መደበኛው ውድድር እስኪያልቅ ድረስ አገሩ ሁሉ ስሙን እየጠራ ድምፁን የሰማው የለም። ደንቡ ለልጁ ታስቦ ሊሆን ይችላል። ማልያው ግን ዝም አላለም። 2 ቁጥር ማልያ በየሱቁ ይሸጥ ነበር። በብዙዎቻችን ቁም ሳጥን ውስጥ እስካሁን አለ። ከዚያ ሽያጭ አንድ ሳንቲም ለልጁ አይደርስም፣ በሕጉ።

ዩኒቨርሲቲው ከሴፕቴምበር 2012 እስከ ኦገስት 2013 ባለው ዓመት ከ740 ሚሊዮን ዶላር በላይ መዋጮ ሰበሰበ። ለራሱ ሪከርድ ነበር። ሁሉም በኳስ ምክንያት መጣ አልልም፣ ለምርምርና ለስኮላርሺፕ የሰጡ ብዙ ናቸው። ግን አላባማን ባሸነፉ ማግስት የለጋሽ ኪስ እንደሚፈታ ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያሻም። ስታዲየማችን ካይል ፊልድ ከ450 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ታደሰ። ዛሬ 102,733 ሰው ይይዛል።

በ2013 በጋ የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤንሲኤኤ ልጁን መረመረው። ለምን? ፊርማውን ሸጠሃል ተብሎ። የራሱን ስም፣ በራሱ እጅ። ማስረጃ አላገኘንም አሉ፣ ግን ከራይስ ጋር የነበረውን ጨዋታ ግማሽ አስቀመጡት። በኋላ ራሱ አዎ፣ ገንዘብ ተቀብያለሁ ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። «የሀብታም ልጅ ሆኖ ምን አነሰው?» የምትሉትን ሰምቻለሁ። ቤተሰቡ በነዳጅ የበለጸገ መሆኑ እውነት ነው። የሊባኖስ ስደተኛ ዘሮች ናቸው፣ ምሥራቅ ቴክሳስ ገብተው ዘይት ያገኙ። እና? ሀብታም ስለሆንክ ደሞዝህን እንውሰድብህ የሚባል ነገር አለ እንዴ?

በ2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተጫዋቾች በከሰሱት ጉዳይ በኤንሲኤኤ ላይ 9 ለ 0 ፈረደ። ከዚያው ዓመት ጁላይ ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙ ገንዘብ ማግኘት ይችላል። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለተጫዋቾቹ በቀጥታ ገንዘብ ማካፈል ተፈቅዶለታል፣ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ። ጆኒን በ2013 ወንጀለኛ ያስመሰለው ነገር ዛሬ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ይሠራበታል። እሱም ይህን አልረሳም። በ2024፣ ኮሌጅ ሳለ ጥቅም ተቀብሏል ተብሎ ዋንጫውን ያጣው ሬጂ ቡሽ ሄይስማኑ ካልተመለሰለት ሥነ ሥርዓቱ ላይ አልገኝም አለ። በኤፕሪል ተመለሰለት። በጆኒ ምክንያት ነው ማለቴ አይደለም፣ ዘመኑ ተቀይሮ ነው። ግን አቋም ያዘ፣ ያውም ለሌላ ሰው። ይህን ክርክራችን ላይ የሚያነሳው ግን አላጋጠመኝም።

ስለ ማባከን ካነሳን አንድ ልጨምር። ኖቬምበር 2023 ዩኒቨርሲቲያችን አሰልጣኝ ጂምቦ ፊሸርን አሰናበተ። ውሉ ስላላለቀ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፈለው ነው። እንዳያሠለጥን! ሥራውን እንዲተውልን! በኮሌጅ ስፖርት ታሪክ እንዲህ ያለ ክፍያ ታይቶ አይታወቅም። ሁለት ሳምንት አጉረመረምንና ዝም አልን። ከአሥር ዓመት በኋላም ቡና ላይ የሚነሳው ግን ያ ሳንቲም ያልተከፈለው ልጅ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው።

ገንዘቡስ ይቅር። የሚከነክነኝ ሌላው ነው፣ የልጁ መንገዳገድ አስቀድሞ የሚታይ ነገር መሆኑ።

በጁን 2012፣ ገና አንድ ጨዋታ ሳይጫወት፣ ኮሌጅ ስቴሽን ውስጥ በጠብ ምክንያት ታስሯል። ሐሰተኛ መታወቂያም ተገኝቶበታል። በ2013 በጋ ከማኒንግ ቤተሰብ የልምምድ ካምፕ ቀደም ብሎ ወጣ። ኮሌጅ ስቴሽንን ለቅቄ የምሄድበት ቀን ናፈቀኝ ብሎ ትዊተር ላይ ጻፈ። ያኔ ብዙዎቻችን ሳቅን። «ጎረምሳ ነው፣ ይለቀዋል» አልን። በዚያው በጋ አባቱ ለመጽሔት ጋዜጠኛ ነገሩ ሊበታተን ይችላል፣ ከተበታተነ ደግሞ ክፉ ነው የሚሆነው ብሎ ተናገረ። አባቱ ነው ያለው፣ የሚጠላው ሰው አይደለም። የተናገረው ሁለተኛው የውድድር ዘመን ሳይጀመር ነው። ታትሞ ወጣ፣ ሁላችንም አነበብነው። ከዚያ ኦገስት መጨረሻ ላይ ተሰልፈን ትኬት ገዛን። በፌብሩዋሪ 2016 ያው አባት እርዳታ ካላገኘ 24ኛ ልደቱን አያይም ብሎ ለዳላስ ጋዜጣ ተናገረ። ጆኒ በኋላ ባይፖላር እንዳለበት በሐኪም እንደተነገረው፣ በዚያው በ2016ም ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በሕይወት ተርፏል። እግዚአብሔር ይመስገን።

«እኛ ደጋፊ ነን፣ ምን ማድረግ እንችል ነበር?» ትሉኛላችሁ። ብዙም አትችሉም። ግን የኤ ኤንድ ኤም ደጋፊ ከሌላው ደጋፊ እለያለሁ የሚል ነው። በ1922 ዳላስ ውስጥ ተጫዋቾቹ እየተጎዱ ሲያልቁ ኪንግ ጊል የሚባል ተማሪ ከመቀመጫ ተጠርቶ ማልያ ለብሶ ጨዋታው እስኪያልቅ ዝግጁ ሆኖ ቆመ። አልገባም፣ ግን ቆመ። 12ኛው ሰው የሚባለው ከዚያ መጣ። ተማሪዎቻችን እስከ ዛሬ ጨዋታው ሳያልቅ አይቀመጡም። የአገሬ ሰው አራት ሰዓት ቆሞ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሕዝብ ስለሆነ ይህን ወግ ሳይወደው አልቀረም። እንግዲህ ቡድኑ ከፈለገን አለን የምንል ከሆነ፣ የ19 ዓመት ልጅ ሲንገዳገድ «አለን» ማለት ምን ይመስላል? እኔ ለዚህ መልስ አላገኘሁለትም። «አባከነው» እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ይህን ሁሉ የምለው ለትናንት ብቻ አይደለም። ዛሬ የኛም ልጆች ይጫወታሉ። በሂዩስተንና በዳላስ ዙሪያ ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአበሻ ስም ማልያ ጀርባ ላይ እያየን ነው። አብዛኞቹ ኮሌጅ ድረስ አይሄዱም። አንዱ ግን ሊሄድ ይችላል። ሲሄድ ጆኒ ያላገኘውን ገንዘብ በ18 ዓመቱ ሊያገኝ ይችላል። ገንዘቡ ተገቢው ነው፣ በዚህ ክርክር የለኝም። ግን የ18 ዓመት ልጅ ኪሱ ሲሞላ በዙሪያው «አይሆንም» የሚለው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። አሰልጣኙ ቅዳሜ ማሸነፍ አለበት። ወኪሉ ፐርሰንት አለው። ጓደኛው መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ቤተሰብ ደግሞ አንዳንዴ ቼኩን አይቶ ዝም ይላል፣ በኛም ቤት አይቀርም።

ስለዚህ ልመናዬ ይኸው። ብዙዎቻችሁ በየዓመቱ ለወንበራችሁ ብላችሁ ለ12ኛው ሰው ፋውንዴሽን ገንዘብ ትሰጣላችሁ። በዚህ ዓመት ስትሰጡ አንድ ገጽ ደብዳቤ አያይዙ፣ ለዩኒቨርሲቲው ስፖርት ክፍልም ይድረስ በሉ። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ የቡድኑ ዋና ኳርተርባክ ልምምድ ቢቀር፣ ቢሰክር፣ ቢደባደብ፣ ወይም ሦስት ቀን ከክፍሉ አልወጣም ቢል፣ ከጨዋታ የማሳረፍ ሥልጣን ያለው ከአሰልጣኙ ሌላ ማን ነው? ያ ሰው ቡድኑ ቢሸነፍ ሥራውን ያጣል ወይስ አያጣም? የአእምሮ ጤና ባለሙያው ተጠሪነቱ ለማን ነው? እናት ወይም አባት ልጄ ደህና አይደለም ብለው ሲደውሉ ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው? የሰጣችሁት ገንዘብ ይህን የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ፣ እዚያ ተምረው የለ።

መልስ የመጣላችሁ አካፍሉኝ፣ እኔም ለሌሎቹ አደርሳለሁ። ከጥቅምት በፊት ብትልኩት ጥሩ ነው፣ ውድድሩ ከጦፈ በኋላ ደብዳቤ የሚያነብ ቢሮ አይገኝም።

አክባሪያችሁ
ከሂዩስተን፣ ቴክሳስ